ጆን ሂዩዝ እና የድንጋይ ከሰሉ ከተማ
ጆን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1814 በዌልስ፣ በመርተር ቲድቪል ተወለደ። አባቱ የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። የቀለም ትምህርቱ አነስተኛ ቢሆንም በሎንዶን የሚልዎል ብረት ፋብሪካን እስከ መምራት ደረሰ። የሩሲያ መንግሥት የባቡር ሐዲድ በአገሩ እንዲሠራ በመሻቱ፣ በ1870 መቶ ያህል ባለሙያዎች አስከትሎ ወደ ዶንባስ ተሻገረ። በ1872 ምድጃው ብረት ማቅለጥ ጀመረ፤ በከሰሉ ጉድጓዶች ዙሪያ የተቈረቈረችው ከተማም በስሙ ዩዞቭካ ተባለች። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ማቋቋሙ ያስመሰግነዋል፤ ይሁን እንጂ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ መሬት ቈፍረው በሠሯቸው ጎጆዎች ይኖሩ እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም። በ1889 ሲሞት ፋብሪካውን ልጆቹ ተረከቡ። ከተማይቱ ኋላ ስታሊኖ፣ በ1961 ዶኔትስክ ተሰኝታ ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አቀፈች። በ2014 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙዎቹ ጉድጓዶች ተዘጉ፤ የውሃ መሳቢያዎቹ በቆሙባቸውም ውሃው ከታች ወደ ላይ ሞላ።