ሬኔ ዳቪድና የሥራ ውል ሕጋችን

የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ (1906–1990 እ.ኤ.አ.) የሙያ መሠረታቸው የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ሳይሆን፣ በግሬኖብልና በፓሪስ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማሩት ንጽጽራዊ ሕግ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ ከቁጥር 2512 ጀምሮ የሥራ ውልን የሚመለከተው በዋናነት እንደ ሁለት ወገኖች ስምምነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛን የጋራ ግንኙነት ይመራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 210 የወጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት የሠራተኛ አዋጆች የዳቪድን ድንጋጌዎች በአብዛኛው ተክተዋል። በሜጋም ሆነ በአዲስ አበባ የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ግን ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሽፋን ውጭ ናት፤ ቁጥር 2601ም የሥራዋን ሁኔታ ለአሠሪዋ ኅሊና ይተወዋል። ስለዚህ የዳቪድን የሙያ ታሪክ ማጥናት ይህ ክፍተት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይረዳል።