የማዋለጃው ክፍል ሐኪም፦ ኢግናዝ ዜመልቫይስ

እጅን መታጠብ ለእናንተ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ የለመዳችሁት ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ይህንኑ ቀላል ነገር በአንድ ታላቅ ሆስፒታል ውስጥ ደንብ ለማድረግ ሲል ብዙ መከራ የተቀበለ ሐኪም እንደ ነበረ ታውቃላችሁን? ይህ ሰው ኢግናዝ ዜመልቫይስ ይባላል። ታሪኩን ስታነቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ዜመልቫይስ በ1818 ዓ.ም. በሃንጋሪ አገር በቡዳ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በ1837 ሕግ ለማጥናት ወደ ቪየና ሄደ፤ ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ሕክምና ትምህርት ዞሮ በ1844 በሐኪምነት ተመረቀ። በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የአንደኛው ማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ለፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ረዳት ሆኖ ተሾመ። ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ስለ ነበረ፥ ረዳቱ ወላዶችን ከመመርመር ሌላ ተማሪዎችን ማስተማርና መዝገብ መያዝም ነበረበት።

የማዋለጃው ክፍል ሁለት ነበር። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጆች ይማሩ ነበር። ወላዶች ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው የሚገቡት በመጡበት ቀን ተራ ነበር። ሆኖም በ1846 በአንደኛው ክፍል ከ100 እናቶች 11 ያህሉ ሲሞቱ፥ በሁለተኛው የሞቱት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹን የሚገድላቸው የአራስ ትኩሳት ነበር። ሴቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳያስገቧቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

ብዙ ሐኪሞች የበሽታው ምክንያት የተበከለ አየር ነው ይሉ ነበር። ዜመልቫይስ ግን መዝገቡን መረመረ። አየሩ ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ነው፤ መጨናነቅ ነው እንዳይባል ደግሞ ይበልጥ የተጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነበር። በመጋቢት 1847 ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በተማሪ ቢላዋ ጣቱን ተወግቶ ሞተ። ሕመሙም እናቶቹን ከሚገድለው ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ዜመልቫይስ ነገሩ ገባው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከሁሉ ይልቅ አስከሬን በትጋት ይመረምር ከነበሩት አንዱ ራሱ ዜመልቫይስ ነበር። ስለዚህ እውነቱን መቀበል ማለት በገዛ እጁ ለእናቶች ሞትን ማድረሱን ማመን ማለት ነበር። እርሱም አመነ፤ በኋላም በመጽሐፉ ገለጸው። በግንቦት 1847 ማንም ሰው ወላድ ከመመርመሩ በፊት፥ ከበረኪና ጋር በሚዛመድ የክሎሪን ኖራ ውህድ እጁን እንዲታጠብ ደንብ አወጣ። በሚያዝያ ከ100 እናቶች 18 ሞተው ነበር፤ በሰኔ ግን የሞቱት 2 ያህል ብቻ ሆኑ።

ይሁን እንጂ ዜመልቫይስ ረዳት እንጂ የክፍሉ የበላይ አልነበረም። ክላይን ሐሳቡን አልተቀበለም፤ በ1849 የሥራ ዘመኑ ሲያበቃም አላደሰለትም። ዜመልቫይስም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1851 በፔስት ከተማ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል የማዋለጃውን ክፍል ያለ ደመወዝ መምራት ጀመረ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። በ1855 በፔስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላም ሥራው በእጅ መታጠብ ብቻ አልተወሰነም፤ የአልጋ አንሶላ በሚገባ ሳይታጠብ መቅረቡን ደርሶበት ከአስተዳደሩ ጋር ተከራክሯል።

ነገር ግን ጉድለትም ነበረበት። ግኝቱን በመጽሐፍ ያወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1861 ነው። መጽሐፉን የነቀፉትን ሊቃውንትም በትዕግሥት ከማስረዳት ይልቅ ነፍሰ ገዳዮች እያለ በግልጽ ደብዳቤ ወቀሳቸው፤ በዚህም የሚሰሙትን ሰዎች አራቀ። በ1865 አእምሮው ታውኮ በቪየና የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ገባ፤ በዚያም ጠባቂዎች ደበደቡት። ወዲያው ቁስሉ አመርቅዞ ደሙ ስለ ተመረዘ በ47 ዓመቱ ዐረፈ። የገደለውም በሽታ ሲታገለው ከኖረው በሽታ ጋር የተዛመደ ነበር።

በኋላ ፓስተርና ሊስተር ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ያደረጉት ምርምር የዜመልቫይስን ደንብ ትክክለኛነት አረጋገጠ። በ1969 የቡዳፔስት የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተሰየመ።

እናንተም አንድ ቀን የአንድ ክፍል ኃላፊ ትሆኑ ይሆናል። ያን ጊዜ ዜመልቫይስን አስታውሱ። መዝገባችሁን በታማኝነት ያዙ፤ ጥፋት ሲገኝ በቅድሚያ የገዛ እጃችሁን መርምሩ። እርሱ ያጣውን ትዕግሥት ደግሞ ጨምሩበት፤ የሰው ሕይወት የሚያድን እውነት የሚጠቅመው ሌሎች ተቀብለው ሲሠሩበት ነውና።