የአንጎልን ኤሌክትሪክ የለካው ሐኪም ሐንስ በርገር

ቀላል ነገር ሲያስቡና ከባድ ነገር ሲያስቡ የአእምሮ ድካም ልዩ ልዩ እንደ ሆነ ማንም ሰው በራሱ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ይህ ድካም በመሣሪያ ሊለካ እንዲችል መንገዱን የከፈተ ሰው እስኪነሣ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። ይህም ሰው በጀርመን አገር በኮቡርግ አጠገብ በ1873 ዓ.ም. የተወለደው ሐንስ በርገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በርገር በመጀመሪያ ያሰበው የከዋክብትን ትምህርት ለመማር ነበር። ዳሩ ግን ለወታደርነት አገልግሎት ገብቶ ሳለ ፈረሱ ጣለውና መድፍ በሚጐትት ሠረገላ ፊት ወደቀ፤ መንኰራኵሩም ሊጨፈልቀው ጥቂት ሲቀረው ቆመ። በዚያው ማታ ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባቱ ደረሰው፤ ይኸውም እኅቱ ክፉ ነገር እንዳገኘው በልቧ ተሰምቷት አባቷን ስለ ወተወተች ነው። በርገር ፍርሃቱ ከአንጎሉ ወጥቶ እኅቱ ዘንድ የደረሰ መሰለው። ስለዚህ ሕክምናን ተማረ፤ በ1897 ዓ.ም. በዬና ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ወደሚታከሙበት ቤት ገባ፤ በ1919 ዓ.ም. አለቃው ሆነ።

ሐሳብ እንዲህ ከሰው ወደ ሰው መብረሩን እስከ ዛሬ ያስረዳ ሰው የለም፤ ቢሆንም የተሳሳተው ግምት ወደ እውነተኛ ሥራ መራው። የአንጎልን ደምና ሙቀት ለብዙ ዓመት ለካ፤ የፈለገውን ግን አላገኘበትም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኬተን በ1875 ዓ.ም. በእንስሳት አንጎል ላይ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን አስገንዝቦ ነበርና፥ በርገርም በ1924 ዓ.ም. የራስ ቅሉ አጥንት ለሕክምና በከፊል ከተነሣለት ወጣት ላይ የመጀመሪያውን የሰው አንጎል ሞገድ ቀዳ። ኃይሉ ከአንድ ቮልት ሺህ ክፍል አንዱን እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ፥ ከልብ ወይም ከጡንቻ የመጣ እንዳይሆን ፈርቶ፥ የገዛ ልጁን ክላውስን ሳይቀር ደጋግሞ እየመረመረ አምስት ዓመት ቈየ፤ በ1929 ዓ.ም. አሳተመ።

ከሥራው ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ዐሥር ጊዜ ያህል ይመላለሳል። በርገር ይህን አልፋ አለው። ዓይን ሲገለጥ አልፋ ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ከባድ ሒሳብ እንዲያሰላ የታዘዘ ሰውም ሞገዱ ያንሳል። ከእርሱ ወዲህ የተነሡት ሊቃውንት በ1965 ዓ.ም. ምልክት ከቀረበ ከሴኮንድ ሲሶ ያህል በኋላ የሚነሣ ሌላ ሞገድ አገኙ። የሚታየውን ለመለየት ባስቸገረ መጠን ይህ ሞገድ ይዘገያል፤ ሰው በከባድ ሥራ ሲያዝም በጎን ለሚመጣለት ምልክት የሚነሣው ሞገድ ያንሳል፤ ልቡ በዋናው ሥራ ተይዟልና።

የአገሩ ሊቃውንት ግን ብዙዎቹ አላመኑትም። በ1934 ዓ.ም. የካምብሪጁ ኤድጋር አድሪያን ከባልደረባው ማቲውስ ጋር ሥራውን ደግሞ ባሳየ ጊዜ ስሙ በዓለም ተሰማ።

ሙገሳን ብቻ ጽፎ መተው ግን አይገባንም። በርገር ከሞተ በኋላ በናዚዎች የተገፋ ሰው ነው እየተባለ ለረዥም ጊዜ ተጻፈለት። ኋላ የተመረመሩት መዛግብት የሚያሳዩት ሌላ ነው፤ ሕሙማን ዘር እንዳይተኩ በግድ እንዲመከኑ በሚፈርደው ሸንጎ በዬና ተቀምጦ ፈርዷል።

በ1938 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ። ከዚያም ሲያክመው የኖረው የአእምሮ ጭንቀት በራሱ ላይ ጸንቶበት፥ በ1941 ዓ.ም. ጁን 1 ቀን በዬና ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።