ማርኮኒ፦ ሞገድን የቃኘው ሰው እና የኛ ማይጨው

ኮን ላይ በገበያ ቀን ስልክ ለማውራት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? የዋድላ ብርድ አንድ ነገር ነው፣ ጫጫታው ደግሞ ሌላ። በግ የሚጎትተው ይጮሃል፣ ገብስ የምትሰፍረው ትጮሃለች፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚለውን ለመስማት ጆሯችሁን ማስጠጋት አለባችሁ።

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ከዚህ የባሰ ገበያ መሃል ነው ያለው። የሰዉ ሁሉ ስልክ፣ ዋይፋዩ፣ ብሉቱዙ፣ ሬዲዮው፣ ወደ ላሊበላ የሚያልፈው አውሮፕላን፣ ሁሉም በአንድ አየር ላይ ይጮሃሉ። ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጋጩም። እንዴት?

መልሱ ለወሎ ሰው ከባድ አይደለም፤ ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል እየሰማ ላደገ ሰው ክራር ሳይቃኙ መምታት ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልግም። ይህን ነገር ወደ ሬዲዮ ሞገድ አምጥተው ሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች ስሙ ከሁሉም በላይ የገነነው ጉልዬልሞ ማርኮኒ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ። መጨረሻው ግን ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ አይልም። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቀም እናገራለሁ።)

ማርኮኒ በ1874 ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ተወለደ። አባቱ ባለርስት ነበር፤ እናቱ አየርላንዳዊት፣ የታወቀው የጄምሰን ውስኪ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተመረቀም። በ1895፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ከቤተሰቡ ቤት ከኮረብታው ጀርባ ድረስ ያለ ሽቦ ምልክት ላከ። ወንድሙ አልፎንሶ ምልክቱ ሲደርሰው ጠመንጃ ተኩሶ አበሰረው። በዓመቱ ወደ እንግሊዝ ሄደ፣ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፣ በ1897 ኩባንያ አቋቋመ።

አሁን ችግሩ መጣ። የያኔው መሣሪያ ሞገድ የሚፈጥረው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ብልጭታን እንደ እረኛ ጅራፍ አስቡት። ጅራፍ ሲጮህ ሸለቆው በሙሉ ይሰማል፤ ግን ዜማ የለውም፣ ድምፅ ሁሉ ተደባልቆ ነው የሚወጣው። ሁለት እረኞች አንድ ላይ ካጮሁት ማን እንደሆነ አይለይም። ዋሽንት ግን ሌላ ነው፤ አንድ ድምፅ ይዞ ይሄዳል፣ ጆሯችሁም ከሌላው ይለየዋል። የማርኮኒ ብልጭታ ጅራፍ ነበር፤ ኃይሉን በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይበትናል፣ የጎረቤቱን መልእክት ይደፍናል።

በ1900 ቁጥር 7777 የተባለውን ዝነኛ የፈጠራ መብቱን አገኘ። ሐሳቡ ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ቅኝት እንዲርገበገቡ ማድረግ ነው። ያኔ ጅራፉ ትንሽ ወደ ዋሽንት ተጠጋ። ለእውነት ያህል፣ ሐሳቡን ብቻውን አላመጣውም፤ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ቀድሞታል፣ ቴስላም በዚሁ መንገድ ሠርቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1943 የማርኮኒን የአሜሪካ ቅኝት መብት ዋና ዋና ክፍሎች የሻረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በታኅሣሥ 1901 ካናዳ አጠገብ ባለችው ኒውፋውንድላንድ ቆሞ፣ ሽቦውን በካይት ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ከእንግሊዝ የተላከችውን ሦስት ነጥብ ሰማሁ አለ። ዓለም ጉድ አለ።

ግን ሁለት ክፉ ትምህርቶች እየጠበቁት ነበር።

የመጀመሪያው በ1903 ለንደን ላይ ነው። ኩባንያው የተቃኘ ሬዲዮ በሌላ ሰው አይጠለፍም፣ አይረበሽም ብሎ ይኩራራ ነበር። ኔቪል ማስከሊን የተባለ ምትሃተኛ በሕዝብ ፊት ሊካሄድ በተሰናዳ ማሳያ ላይ፣ ከአካባቢው በራሱ ላኪ የፌዝ መልእክት አስገባበት። ዛሬ ሃኪንግ የምንለው ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ቅኝት ጩኸት ይቀንሳል እንጂ ሚስጥር አይጠብቅም።

ሁለተኛው ታይታኒክ ነው። የመርከቧ የሬዲዮ ሠራተኞች የማርኮኒ ኩባንያ ቅጥረኞች ነበሩ። በሚያዝያ 1912 በዚያች ሌሊት ካሊፎርኒያን የተባለች ቅርብ መርከብ በረዶ ከቦ እንዳቆማት ልትናገር ስትሞክር፣ ከቅርብ የመጣው ድምጿ የታይታኒኩን ሠራተኛ ጆሮ ደነቆረው። እሱ ከየብስ ጣቢያ ጋር የመንገደኞችን መልእክት እየተለዋወጠ ስለነበር ዝም እንድትል ነገራት። የካሊፎርኒያን ሠራተኛ ብዙም ሳይቆይ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ በረዶውን የመታችው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ 1,500 ሰው አለቀ። የተረፉት ከ700 በላይ ሰዎችም በሬዲዮ በተጠራች ሌላ መርከብ ነው የተረፉት። አንዱ ቴክኖሎጂ ገዳይም አዳኝም ሆነ፤ ልዩነቱ ማን መቼ ዝም ይበል የሚል ደንብ አለመኖሩ ነበር።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሞገድ የጋራ ግጦሽ ነው። አንዱ ከብቱን እንዳሻው ከለቀቀ የሁሉም ይጠፋል። ማርኮኒ ግን ግጦሹን ለብቻው ፈልጎት ነበር። ሠራተኞቹ የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከያዘ መርከብ ጋር እንዳይነጋገሩ ይከለክል ነበር። ይህን ሰብሮ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲነጋገር ያስገደደው የ1906 የበርሊን ስምምነት ነው።

ማርኮኒ በ1909 ከጀርመናዊው ብራውን ጋር ኖቤል ወሰደ። በ1922 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ፣ መርከብ ሞገድ ልካ ተመልሶ ሲመጣ በጭጋግ ውስጥ ሌላ መርከብ ማወቅ ትችላለች ብሎ ተናገረ። ራዳር ማለት ነው። ሐሳቡን ጀርመናዊው ሁልስማየር በ1904 በሥራ አሳይቶት ነበር፤ የማርኮኒ ስም ግን ጆሮ ያሰጠው ነበር። በ1930ዎቹ ራሱ በአጭር ሞገድ ይህንኑ ሞከረ።

እንግዲህ ወደኛ እንምጣ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኗል። በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣሊያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ስሙን ይዞ ለወረራው ተከራከረ። እንግሊዝ አገር በቢቢሲ ይህን ሊናገር ሲፈልግ ጣቢያው ከለከለው። ሬዲዮን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ከሬዲዮ ተከለከለ።

ኢትዮጵያም ሬዲዮ ነበራት። የአቃቂ ጣቢያ የተሠራው አንሳልዶ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙበትም በሬዲዮ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ግን የማስከሊን ትምህርት በኛ ላይ ደረሰ። ከማይጨው ጦርነት ቀደም ብሎ ንጉሡ ለእቴጌ መነን የላኩት የሬዲዮ መልእክት በጣሊያኖች ተጠለፈ። ሊያጠቁ እንደሆነ ጠላት ቀድሞ አወቀ። መጋቢት 22 ቀን 1928 በኛ አቆጣጠር ማይጨው ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ማይጨውን ያሸነፈን የተጠለፈ መልእክት ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ ነበሩ። ግን ጆሮም ተነጥቀን ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ንጉሡ ወደ ላስታ ተራሮች አቅንተው ላሊበላ ላይ ጸለዩ። እዚያ መልእክት የሚጠልፍ አልነበረም።

ማርኮኒ በሐምሌ 1937 ሮም ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። 63 ዓመቱ ነበር። ያኔ የዓለም ሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉለት። ያ ሁሉ ገበያ ጸጥ አለ። አዲስ አበባ ግን ያን ጊዜ በፋሺስት እጅ ነበረች፤ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ገና አምስት ወር ገደማው ነበር።

ዛሬ የራዳር መሐንዲሶች ከማርኮኒ ጥያቄ ጋር እንደገና ተፋጠዋል። ራዳር ሰፊ ሞገድ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰፊ ሲሆን ነው ጥርት አድርጎ የሚያየው። የኛ ስልኮች ደግሞ ያንኑ ስፍራ ይሻሉ። ስለዚህ የሞገዱን ቅርጽ ራሱን ይሠሩታል። ስልክ በሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ኃይሉን ዝቅ አድርገው ክፍተት ይተዋሉ፣ የአንዱ ራዳር ምልክት ከሌላው እንዳይምታታ የየራሱን ኮድ ይሰጡታል፣ አየሩ ሲጨናነቅም ቅርጹን ይቀይራሉ። ጅራፉን እየጮኸ ለዋሽንቱ ቦታ እንዲለቅ ማስተማር በሉት።

እኔ ማርኮኒን ማድነቅም መጥላትም ብቻውን አይበቃኝም። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ከሥራው እጠቀማለሁ፤ ማይጨውንም አልረሳም። የሚገባኝ ይህ ነው፦ ሞገድን ሌላውን እንዳይረግጥ መቃኘት ይቻላል፣ ሰውየው አሳይቶናል። ባለሞገዱን ግን የሚቃኝ የፈጠራ መብት የለም። ያንን ሥራ ሕግ፣ ስምምነትና የራሳችን እውቀት ካልሠሩት፣ ሌላ ሰው ይሰማናል፤ እኛ ግን አንሰማውም።