በስጦታ የመጣው ልጅ፦ ፈላስፋው አንቶን ዊልሄልም አሞ

በርሊን መሃል ጥቁሮችን በሚያንቋሽሽ ስም ሲጠራ የኖረ አንድ ጎዳና ነበር። በ2025 ስሙ ተቀየረና አንቶን ዊልሄልም አሞ ተባለ። ሰውዬው ማነው ብለን ማገላበጥ የጀመርነው ያኔ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

አሞ በ1703 ገደማ በዛሬዋ ጋና፣ አክሲም ከምትባል የባህር ዳር ከተማ አካባቢ ተወለደ። አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በደች ዌስት ኢንዲያ ኩባንያ መርከብ አምስተርዳም ገባ። ከዚያ ለጀርመኑ መስፍን ለአንቶን ኡልሪሽ በስጦታ ተበረከተ። አዎ፣ ሰው፣ ያውም ሕፃን፣ እንደ ብርቅ ዕቃ ይሰጥ ነበር። በ1708 ክርስትና ሲነሳ የመስፍኑንና የልጃቸውን ስም አንድ ላይ አሸከሙት። አሞ የምትለዋ ግን አብራው ቀረች።

በዚያ ዘመን መሳፍንቱ ቤት የሚገባ ጥቁር ልጅ ዕጣው ጌጥ መሆን ነው፤ ያሽከርነት ልብስ ለብሶ መላላክ፣ ቢበዛ ነጋሪት መምታት ወይ መለከት መንፋት። አሞን ግን አስተማሩት። ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ ፈረንሳይኛ፣ ደችና ጀርመንኛ፣ ስድስት ቋንቋ ቻለ። በ1727 ሃሌ ዩኒቨርሲቲ ገባ። (ከሃሌ ብዙም በማትርቀው ጎታ፣ የእኛው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ግዕዝና አማርኛ አስተምረውታል። ይሄንን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።)

በ1729 አሞ ለክርክር ያቀረበው ርዕስ በአውሮፓ የሚኖሩ ጥቁሮች መብት የሚል ነበር። ክርስቲያኖች ገዝተው ያመጧቸው አፍሪካውያን ባርነት በሕግ ፊት እስከ የት ይጸናል ብሎ ጠየቀ። የአፍሪካ ነገሥታት ድሮ ለሮም ቄሣር ያደሩ ስለነበሩ፣ የሮም ሕግ ራሱ ይጠብቃቸዋል ባይ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄን የሚለው በስጦታ የመጣው ልጅ ነው፤ የሚለውም በገዛ ሕጋቸው። ጽሑፉ ግን ጠፍቷል። እጃችን የገባው ስለሱ የተዘገበው ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ዊተንበርግ ሄዶ በ1730 በፍልስፍና ማስተርሱን ያዘ። በ1733 የሳክሶኒው ገዢ ከተማዋን ሲጎበኙ የተማሪዎቹን ሰልፍ ከፊት ሆኖ የመራው እሱ ነው። በ1734 የሰው አእምሮ አይሰማውም፣ የሚሰማው አካል ነው ብሎ ዴካርትን ሞገተ። እኛ ዲግሪ የለንምና ክርክሩን እስከ ጥግ ተከታትለነዋል ብለን አንዋሽም። በሥራዎቹ ላይ ግን ከስሙ ኋላ በላቲን አፍሪካዊ ብሎ ይጽፍ ነበር። ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም።

በሃሌና በየና አስተማረ። በ1738 ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። ከዚያ ነገር ዓለሙ እየጠበበበት ሄደ። ያሳደጉት መሳፍንት አልፈው ነበር፤ የሃሌው ደጋፊው ሉድቪግም በ1743 ሞተ። በ1747 ደግሞ አሞ ነጭ ሴት አፍቅሮ እምቢ ተባለ የሚል የሽሙጥ ግጥም ታትሞ መሳቂያ ሊያደርጉት ሞከሩ። ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው!

በዚያው ሰሞን ገደማ አገሩ ገባ። በ1753 ጋላንዳት የሚባል የመርከብ ሐኪም አክሲም ሲደርስ አገኘው። አባቱና እህቱ በሕይወት ነበሩ። ወንድሙ ግን ሱሪናም ውስጥ ባሪያ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ በላቲን ስለ አእምሮ ሲያስተምር ሌላው ባህር ማዶ ባሪያ!

እኛን የሚከነክነን ሌላም ነገር አለ። በአራት ዓመቱ ተለይቶ አርባ ዓመት የቆየ ሰው፣ ከነዚያ ስድስት ቋንቋዎች በየትኛው ነው ከአባቱ ጋር የሚያወራው?

የአገሩ ሰው እንደ ጠንቋይ ያየው ነበር ይባላል። ኋላ ከአክሲም ወጥቶ፣ ደቾች በያዙት በሻማው የሳን ሴባስቲያን ምሽግ ኖረ። ምሽጉ ባሪያ የሚነገድበት ነው። መቃብሩም እዚያው ሻማ ነው።