ሠዓሊው ሄንሪ ኦሳዋ ታነር

ዛሬ የምናነሣው በሰው አገር ኖሮ በሰው አገር የሞተ የአንድ ጥቁር ሠዓሊ ታሪክ ነው።

ሄንሪ ኦሳዋ ታነር እ.ኤ.አ. በ1859 በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካህን፣ ኋላም የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ፤ እናቱ ግን በባርነት የተወለዱ ናቸው። በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከቶማስ ኤኪንስ ዘንድ ሥዕል ተማረ። ይሁን እንጂ በቆዳው ቀለም የሚንቁት በዙ፤ ከብሩሹም እንጀራ አላገኘም። በአትላንታ የከፈተው ፎቶግራፍ ቤት ከሰረ። በ1891 ሮም እማራለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ያያት ፓሪስ አስቀረችው።

በዚያም «የአልዓዛር መነሣት» የተሰኘው ሥዕሉ በ1897 ሜዳልያ አገኘ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም ገዛው። በዚያው ዓመት ፍልስጥኤምንና ግብፅን ጎበኘ። በማግሥቱ ዓመት ብሥራተ ገብርኤልን ሣለ። እመቤታችን ባልተነጠፈ አልጋ ላይ የተቀመጠች ተራ ልጃገረድ ናት፤ ገብርኤልም ክንፍ የለውም፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ብርሃን ብቻ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ማየት ለለመድን ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ፊቷን ላስተዋለ ሰው ፍርሃቷም መታዘዟም ይገባዋል።

ከወገኖቹ አንዳንዶቹ፣ በ1893 የሣለውን፣ ሽማግሌ አንድን ልጅ ባንጆ ሲያስተምር የሚያሳየውን ሥዕል እያነሡ፣ የሕዝቡን ኑሮ መሣል ተወ ብለው ቅር ተሰኝተውበታል። ቅሬታቸው እውነት አለበት። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ የፈለገው ጥቁር ሠዓሊ ሳይሆን ሠዓሊ ተብሎ መጠራት ነበር። በ1923 ፈረንሳይ የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሸለመችው። በ1937 በፓሪስ አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው አጠገብ፣ ሶ በምትባል ከተማ ነው።