ጄምስ ብሩስና ንብ የሚያህለው ዝንብ

ጄምስ ብሩስ በሀገራችን ዘንድ የሚታወቀው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በመምጣቱ ነው። ለሙያችን የተወው ውርስ ግን ከአንድ ዝንብ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770ም ጎንደር ገባ። በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ ሰብ ላይ የገባውን ፈንጣጣ በማከሙ በቁስቋም ሞገስን አገኘ። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይን አየ፤ ይሁን እንጂ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ነበር። የጉዞ ጓደኛው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም ለዚህ ሰው ድካም የሚገባውን ምስጋና አልሰጠውም።

በ1774 ለንደን ሲመለስ ያወራው ብዙው ነገር እንደ ተረት ተቆጠረበት። የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በእኛው ቃል ዝንብ ብሎ የጠራውን ነፍሳት መልክ ዘረዘረ፦ ከንብ ጥቂት ይበልጣል፤ ሰውነቱ ወፍራም ነው፤ ክንፎቹ ከንብ ክንፍ የሰፉ፣ ነጠብጣብ የሌለባቸውና እርስ በርስ የተለያዩ ናቸው። ድምፁ በተሰማ ጊዜ ከብቶች ግጦሹን ትተው ይሸሻሉ፤ እረኞችም በክረምት ጥቁሩን አፈር ለቀው ወደ አትባራ አሸዋ ይወርዳሉ ሲል ጻፈ።

ፄፄ የተባለው የቆላ ዝንብ ወገን በ1830 በሳይንስ ስም ከተሰየመ በኋላ፣ ብዙዎች የብሩስ ዝንብ እርሱ ነው አሉ። በ1895 ዴቪድ ብሩስ የተባለ ሐኪም በዙሉላንድ ምርምሩ ፄፄን ከከብት በሽታ ጋር ሲያያይዘው ይህ ግምት ይበልጥ ጠነከረ። ነገር ግን ፄፄ ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ መቀስ አንዱን በሌላው ላይ ያጥፋል፤ ብሩስ ያየው ግን የተለያዩ ክንፎችን ነው። ይህ ምልክት የሚስማማው ደም ለሚመጠው ትልቁ የከብት ዝንብ ነው። ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። አንዱ የገንዲ ተሕዋስ ፄፄ በሌለበት በጣና አካባቢም በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች አፍ ይተላለፋል። ስሙን የተሳሳተ ባለሙያ የሌለውን ዝንብ ሲያሳድድ ያለው ዝንብ ከብቱን ይፈጃል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ በመስከረም አበባ ላይ የሚያንዣብበውም ሁሉ ንብ አይደለም። ሄንሪ ቤትስ በ1862 እንዳስረዳው፣ መከላከያ የሌለው ፍጡር ጠላት የሚፈራውን በመምሰል ነፍሱን ያድናል። አንዣባቢው ዝንብ ንብን ይመስላል፤ አይናደፍም፤ አበባም ያዳቅላል። ንብ አዳኙ ዝንብ ደግሞ ንቧን በበረራ ላይ ይዞ ይመጣታል። መለያው ቀላል ነው፦ ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። ይህን ያልለየ ንብ አንቢ ወዳጁን እንደ ጠላት ይገድላል፤ ጠላቱንም በቀፎው ደጅ ያሳድራል።

ብሩስ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በብዙ ነገር ተጠራጣሪዎች ነበሩት፤ ለጓደኛውም ፍትሕ አላደረገም። ሆኖም የክንፉን አቀማመጥ ሳይዘነጋ በመጻፉ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት የሰጡትን ስም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ለመመርመር አስችሎናል። ከባለሙያ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ ስም ከመስጠት በፊት ያዩትን በትክክል መመዝገብ።